ውጅግራ፦ የአያት ጠመንጃ አያያዝ

ውጅግራ ካፒቴን ባዚል ግራ የቀረጸው፣ የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የታጠቀው ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ግራም፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ካዝና የለውም። ተኳሹ ወደ ቀኝ የተጋደመውን የመቀርቀሪያ እጀታ ሽቅብ አንስቶ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ አንድ ጥይት በእጁ አጉርሶ ይዘጋል። ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ በየተኩሱ ጭስ ይግተለተላል፤ የተኳሹንም ቦታ ያጋልጣል።

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ሌቤል ስትታጠቅ ብዙ ውጅግራ በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደ ሸዋ ገባ። ለምኒልክ መሣሪያ ካቀረቡት አንዱ ሊዮን ሸፍኔ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች ውጅግራ አንዱ ነው። በማግስቱ ዓመት የጅማው አባ ጅፋር ጦር ጭምር በዘመተበት የካፋ ዘመቻም ድሉን ለዘማቹ ያደረገው የጠመንጃው ብዛት ነበር። ጥይቱማ ከጦር ሜዳም አልፏል፤ በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ባዶው ቀለህም አይጣልም ነበር፤ በአገር ባሩድና በእርሳስ አረር እንደገና ይሞላ ነበር።

ዛሬ ውጅግራ የሚያዝ ለተኩስ ሳይሆን ለቅርስነቱ ነው። ዋጋው ያለው በማብረቅረቁ ሳይሆን በአካሉ ሙሉነት ነው። መቀርቀሪያውና አፈሙዙ የአንድ ጠመንጃ መሆናቸው በተቀረጸባቸው ቁጥር ይታያል፤ የፋብሪካው፣ ለምሳሌ የሳንተቲየን፣ ስምና የተሠራበት ዓመትም ከብረቱ ላይ ይነበባል። በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ብረት ይህን ጽሑፍ ያጣል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። በሰደፉ ላይ የባለቤቱ ምልክት ካለም ሊነካ አይገባም፤ የዘማቹን ስም ከእነ ትውልዱ ጽፎ ከጠመንጃው ጋር ማኖር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸቤና በዙሪያዋ ባለው የቡና ደን የውጅግራ ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ከአፈሙዙ ውስጥ የቀረ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ውኃ እየሳበ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አፈሙዙ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ስስ ዘይት ይቀባል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ጠመንጃ ክረምቱን ሙሉ ዝገት ሲያበቅል ይከርማል።

አሮጌነቱ ከሕግ አያስመልጠውም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ቅርስ የሆነውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከልክሏል።