ሁለት የካልቸር ውጤት፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር፦ የቱን እንመን?

ሰሞኑን አንዲት ታካሚዬ ሽንቷን ሲያቃጥላት ሁለት ቦታ ካልቸር አሠርታ ወረቀቶቹን ይዛ መጣች። በሁለቱም የተገኘው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ነው። አንደኛው ወረቀት ለሲፕሮም ለኒትሮፉራንቶይንም «20» ይላል። ሌላኛው ሲፕሮ «1»፣ ኒትሮፉራንቶይን «16»።

«ዶክተር፣ አንዱ ተሳስቷል አይደል? ቁጥሩ ያነሰው ይሻላል ሲሉኝ ሲፕሮ ልገዛ ነበር» አለችኝ።

እንኳን አልገዛሽ! አልኳት። ሁለቱም ላብራቶሪዎች ልክ ናቸው፤ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

የመጀመሪያው የዲስክ ምርመራ ነው (የወገቡ ዲስክ አይደለም!)። ባክቴሪያው ሳህን ላይ ይቀባና መድኃኒት የያዙ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። በማግስቱ በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ በሚሊ ሜትር ይለካል። እዚህ ሰፊ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ግን ማለፊያው ለየመድኃኒቱ ይለያያል። በአሜሪካኑ መመሪያ ሲፕሮ 26 ሲፈልግ ለኒትሮፉራንቶይን 17 ይበቃዋል። ስለዚህ ያው 20 ለአንዱ ውድቀት፣ ለሌላው ማለፊያ ነው።

ሁለተኛው ኤም አይ ሲ ይባላል። ባክቴሪያው መጠኑ እየጨመረ በሚሄድ መድኃኒት ውስጥ ይገባና እድገቱን የገታው ትንሹ መጠን ይመዘገባል። እዚህ ደግሞ ትንሽ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ግን ያንኑ መድኃኒት ከራሱ ማለፊያ ጋር ስናነጻጽር እንጂ ሲፕሮን ከኒትሮፉራንቶይን ጋር አይደለም! የሲፕሮ ማለፊያ 0.25 ነው፤ 1 ከሆነ ባክቴሪያው ተላምዶታል። ኒትሮፉራንቶይን ሽንት ውስጥ በብዛት ስለሚጠራቀም እስከ 32 ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና ከጎኑ ያለውን ፊደል እዩ፦ «ኤስ» ይሠራል፣ «አር» ባክቴሪያው ተላምዶታል። «አይ» ካለ ግማሽ ይሠራል ማለት ሳይሆን የመድኃኒቱን መጠን ወይም የኢንፌክሽኑን ቦታ አይቶ ሐኪም የሚወስነው ነው።

የቱ ምርመራ ይሻላል? ለአብዛኛው ኢንፌክሽን ዲስኩ ርካሽም አስተማማኝም ነው። እንደ ኮሊስቲን ያለው መድኃኒት ላይ ግን አይታመንም፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ሳህኑ ላይ በደንብ አይሰራጭም። ስለዚህ በኤም አይ ሲ መለካት አለበት።

ለታካሚዬ ኒትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን አዘዝኩላት። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ቢኖራት ግን «ኤስ» ቢልም አልሰጣትም ነበር፤ ኩላሊት ውስጥ በበቂ መጠን አይገኝማ።