የሚያስቀው ሰው ሲዘፍን

ጂም ኔበርስ የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ነበር። ሥራው ሰው ማሳቅ ነው። በቴሌቪዥን እየቀረበ የአንድ የዋህ የገጠር ልጅ ቦታ ይጫወት ነበር። ሲናገር ድምፁ ቀጭን ነው። በአፍንጫው ይወጣል። ቃሉን ይጎትተዋል። ተመልካች ገና አፉን ሲከፍት ነበር የሚስቀው።

ይኸው ሰው ታዲያ ሲዘፍን ሌላ ነው። የሚወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል። ከጀርባው ሌላ ሰው ቆሞ የሚዘፍንለት ያስመስላል። ግን ማንም የለም። ድምፁ የራሱ ነው።

ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ሰው ነው። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ማወቅ የሚፈልግ 7 ወይም 8 ዓመት ይቀንስ።

የአላባማው ልጅ

ጂም የተወለደው በ1930 ነው። አገሩ አላባማ ይባላል። አላባማ በአሜሪካ በስተደቡብ ያለ ክፍለ አገር ነው። የተወለደባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ሲላኮጋ ትባላለች። አባቱ ፖሊስ ነበር።

ልጁ አስም ነበረበት። አስም የያዘው ሰው በሳንባው ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች ይጠቡበታል። አየር ማስገባት ይቸግረዋል፤ ማስወጣቱ ደግሞ ይብስበታል። ደረቱ ያፏጫል። እንዲህ ያለ ልጅ ዘፋኝ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል? ጂም ግን በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ይዘምር ነበር።

ካደገ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቀልድና ትያትር የጀመረው እዚያ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠረ። ከዚያ ደግሞ ቻታኑጋ በምትባል ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የፊልም ቆራጭ ሆነ። በዚያን ጊዜ ፊልም እንደ ጥብጣብ ያለ ረጅም ነገር ነበር። የማይፈለገውን በመቀስ ይቆርጡታል፤ የሚፈለገውን ይቀጥሉታል። ሥራው ይኸው ነው።

አስሙ ግን አልተወውም። ለጤናው ሲል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። እዚያም ቀን ቀን ፊልም ይቆርጣል። ማታ ማታ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ «ሆርን» በሚባል ትንሽ የዘፈን ቤት ይሠራል። በዚያ ቤት ያቀርብ የነበረው ነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ በቀጭኑ የባላገር ድምፅ ያወራል። ሰው ይስቃል። ከዚያ በወፍራሙ ድምፅ ይዘፍናል። ሰው ዝም ይላል።

ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ

በዚያ ቤት ካዩት ሰዎች አንዱ አንዲ ግሪፊት ነው። አንዲ ታዋቂ ተዋናይ ነበር። ሜይቤሪ ስለምትባል የፈጠራ የገጠር ከተማ የሚተርክ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነበረው። አንዲ ጂምን ለአንድ ክፍል ብቻ ቀጠረው። ለመኪና ቤንዚን የሚቀዳ ጎመር ፓይል የሚባል ልጅ ሆኖ እንዲጫወት ነው። ያ ክፍል ታየ። ሰው ጎመርን ወደደው። አንድ ጊዜ የተባለው ሰው በዚያው ቀረ።

በ1964 ለጎመር የራሱ ጨዋታ ተሠራለት። በዚህኛው ጎመር ለባሕር ኃይሉ እግረኛ ጦር ተቀጥሮ ወታደር ይሆናል። አለቃው ሃምሳ አለቃ ካርተር ነው፤ ቦታውን የተጫወተው ፍራንክ ሳተን ይባላል። ካርተር ቁጡ ነው። ሲጮህ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ጎመር ግን ተንኮል አያውቅም። የሚነግሩትን ሁሉ ያምናል። አለቃው በነገር ሲወጋው የተመረቀ ይመስለዋል። የጨዋታው ሳቅ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ጨዋታው እስከ 1969 ድረስ 5 ዓመት ቆየ። 150 ክፍሎች ተሠሩለት። በ5ቱም ዓመት በአሜሪካ በብዛት ከሚታዩት 10 ጨዋታዎች አንዱ ነበር። ልብ በሉ፤ ያ ጊዜ የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። እውነተኞቹ ወታደሮች እየሞቱ ነበር። በጎመር ሰፈር ግን ጦርነቱ ከሞላ ጎደል አይነሳም። ይህ አንዳንድ ሰው የሚነቅፈው ነገር ነው፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎመር ዘፈነ

በቴሌቪዥን ድምፁ የተሰማው ገና ሜይቤሪ ሳለ በ1964 ነው። በአንድ ክፍል የከተማዋ የመዘምራን መሪ አንድ ዘፋኝ ይፈልጋል። ቦታውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሱም ዘፋኝ ነኝ ባይ የሆነው የአንዲ ምክትል ባርኒ ነው። የቤንዚን ቀጂው ድምፅ ግን ከባርኒ በልጦ ተገኘ። ተመልካች እንደለመደው ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ።

በ1967 ደግሞ ወታደሩ ጎመር ወደ ዋሺንግተን ተላከ። እዚያ ከባሕር ኃይሉ እግረኛ ጦር የሙዚቃ ጓድ ጋር ቆሞ ስለ ዶን ኪሆቴ ከተሠራው የመድረክ ጨዋታ የተወሰደ አንድ ዘፈን ዘፈነ። ዘፈኑ ሊደረስበት የማይችል ምኞት ስለሚመኝ ሰው ነው። ፊቱ ያው የጎመር ፊት ነው። ከብዙዎቹ የጎመር ክፍሎች ይልቅ ሰው ዛሬም የሚያነሳው ይህን ነው። 

አንድ ጉሮሮ፣ ሁለት ድምፅ

እንዴት ነው አንድ ሰው ሁለት ድምፅ የሚኖረው? ተአምር አይደለም።

ማሲንቆን አስቡ። የማሲንቆ ጭራ ብቻውን ተወጥሮ ቢመታ ድምፁ ለቅርብ ሰው እንኳ በደንብ አይሰማም። ድምፁን የሚያጎላው ቆዳ የለበሰው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ትንሽ ከሆነ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሰፊ ከሆነ ይወፍራል።

ሰውም እንዲሁ ነው። በጉሮሮአችን ማንቁርት የሚባል አለ። በወንዶች አንገት ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው እሱ ነው። በውስጡ ሁለት ትንንሽ የሥጋ እጥፋቶች አሉ። እነዚህ የማሲንቆው ጭራ ናቸው ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ከሳንባ ወጥቶ በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። አንድ ወንድ ሲያወራ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ሳጥኑ ደግሞ ጉሮሮ፣ አፍና አፍንጫ ነው። ደጋኑ ትንፋሽ ነው።

የሰው ሳጥን ከማሲንቆ ሳጥን የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የእኛ ሳጥን ይሰፋል፤ ይጠባል። ማንቁርት ወደ ላይ ከወጣ፣ ጉሮሮ ከተጨመቀና ድምፁ በአፍንጫ ከተለቀቀ ቀጭን ይሆናል። ይኼ የጎመር ድምፅ ነው። ማንቁርት ዝቅ ካለ፣ የአፍ ጀርባ እንደ ማዛጋት ከተከፈተና ትንፋሹ ከታች ከተገፋ ደግሞ ድምፁ ይሰፋል። ይኼ ሲዘፍን ያለው የጂም ድምፅ ነው። ጭራው ያው ነው። የተለወጠው ሳጥኑ ነው።

ገደል ማዶ ላለ ጎረቤት የሚጣራ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ሲጣራ የሚያወጣው ድምፅና ቡና ላይ ሲያወራ የሚያወጣው ድምፅ አንድ አይደለም። ሆዱን ይነፋል፤ አፉን ይከፍታል፤ ቃሉን ያረዝማል።

የጂም ዓይነት ድምፅ ባሪቶን ይባላል። የወንድ ድምፅ በሦስት ይከፈላል። ቀጭኑ ቴኖር፣ ወፍራሙ ባስ፣ መካከለኛው ባሪቶን ነው።

ታዲያ አስሙስ? ለዘፋኝ ትልቁ ነገር ትንፋሽን ቆጥቦ በዝግታ ማውጣት ነው። አስም የያዘው ሰው የሚቸገረውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ጂም ረጅም ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲይዝ ቀላል ነገር እያደረገ አልነበረም። ይህን ስንል ዘፈን የአስም መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። አስም ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሳቅ በኋላ

በ1969 ጂም የጎመርን ጨዋታ አቆመ። ሙዚቃና ቀልድ ያለበት የራሱን የአንድ ሰዓት ዝግጅት ጀመረ። ሃምሳ አለቃ ካርተር የነበረው ፍራንክ ሳተንም አብሮት ነበር። በዚህ መካከል ብዙ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላዎቹ ከ20 በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ በብዛት በመሸጣቸው የወርቅ ሸክላ ሽልማት አገኙ።

ዝግጅቱ ግን በ1971 ተዘጋ። ተመልካች ስላጣ ብቻ አልነበረም። የቴሌቪዥን ድርጅቱ በዚያ ዓመት የገጠር ሽታ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ አንድ በአንድ አወጣ። ለምን ቢሉ፣ ዕቃ የሚያስተዋውቁት ነጋዴዎች የሚፈልጉት የከተማ ወጣት ነበር። ወጣቱ ብዙ ይገዛል ተባለ። ገበሬና ሽማግሌ ምን ቢያይ ምን ቢስቅ ከቁጥር አልገባም። ነገሩ ያሳዝናል፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ጂም ሥራ አልፈታም። ካሮል በርኔት የምትባል ታዋቂ ኮሜዲያን ወዳጁ ነበረች። የእሷ ዝግጅት በየዓመቱ ሲከፈት የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ነበር። ገዴ ነው ትለው ነበር። በኋላ ሃዋይ በሚባሉት ደሴቶች መኖር ጀመረ። እዚያ ማከዴሚያ የሚባል፣ ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ያለማ ነበር። የፖሊስ ልጅ፣ ታይፕ ጸሐፊ፣ ፊልም ቆራጭ፣ ተዋናይ፣ ዘፋኝ፤ በስተርጅናው ደግሞ ገበሬ ሆነ።

የኢንዲያናፖሊስ ሜዳ

ኢንዲያናፖሊስ በምትባል ከተማ በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ ትልቅ የመኪና ውድድር ይደረጋል። ሜዳው ሞላላ መንገድ ነው፤ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናዎቹ 200 ጊዜ ይዞሩታል። ሁሉም ሲደመር 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳር ያለው መቀመጫ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ስለ ኢንዲያና ክፍለ አገር የተሠራ ዘፈን ይዘፈናል። ዘፈኑ ቤቱን ስለናፈቀ ሰው ነው።

በ1972 ጂም ውድድሩን ለማየት መጣ። የሜዳው ባለቤት ቶኒ ሀልማን አዩትና እንዲዘፍን ለመኑት። ጂም በኋላ እንደተናገረው፣ የተለመነው የአገሪቱን መዝሙር መስሎት ነበር። የኢንዲያናው ዘፈን መሆኑን ያወቀው ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቃሉን በደንብ አያውቀውም። ምን ያድርግ? በእጁ ላይ ጻፈው። እየሰረቀ እያነበበ ዘፈነ። ማንበብና መጻፍ ለዚህም ይረዳል እኮ!

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይጠራ ጀመር። ኢንዲያና የተወለደበት አይደለም፤ እሱ የአላባማ ሰው ነው። ሕዝቡ ግን የራሱ አደረገው። የመኪናው ጓጓታ ሳይጀመር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሎ አንድ ሰው ይሰማል። ሲጨርስ ሜዳው ይናወጣል።

በመካከል ሊሞት ደርሶ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው በሽታ ጉበቱን ጎዳበት። በ1994 የሌላ ሰው ጉበት ተተከለለትና ዳነ። ይህ በሽታ በደም ይተላለፋል። በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው መላጨት የሚከለከለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መከላከያ ክትባትም አለው። ጂም ከበሽታው ተነስቶ ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ2012 በጤና ምክንያት መምጣት ባይችል እንኳ ዘፈኑን በፊልም አስቀርጾ ላከው።

እውነተኛው ጦር ደግሞ ጎመርን አልረሳውም። ጂም በሕይወቱ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን በ2001 የክብር ምክትል አሥር አለቃ አሉት። በ2007 አሥር አለቃ ሆነ። በ2013 የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ሰጡት። ካርተርን ሆኖ የተጫወተው ሳተን ግን ይህን አላየም፤ በ1974 ሞቶ ነበር።

ጂም በሜዳው ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነው በ2014 ነው። ዕድሜው 83 ነበር። በኅዳር 2017 መጨረሻ በፈረንጅ፣ ማለትም በእኛ ኅዳር 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሃዋይ ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ። በዚያው በ2017 ግንቦት ላይ የኢንዲያናውን ዘፈን በሜዳው የዘፈነው ጂም ኮርኔሊሰን የሚባል የኦፔራ ዘፋኝ ነው። የስማቸው መመሳሰል እንዲሁ የተገጣጠመ ነው።