ቍጣ ከደም ጋራ ይወረሳልን?

ስለ ሰው ቍጡነት በተነገረ ጊዜ በየቤታችን ዘወትር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ዘሩ ቍጡ ነው» የሚለው ነው። በመተከልና በካማሺ ቆላ ስለሚኖረው ስለ ጉሙዝ ሕዝብ ይህን ቃል የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት አገሩን አላዩም። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ወደድን።

በጉሙዝ ዘንድ ከጥንት ሲያያዝ የመጣ የጋብቻ ሥርዓት አለ። አንድ ጐልማሳ የሌላውን ሰው እኅት ሊያገባ የወደደ እንደ ሆነ፥ ለዚያ ሰው የራሱን እኅት ይሰጠዋል፤ እኅት ባትኖረው ከወገኑ አንዲት ልጃገረድ ይፈልጋል። ዌንዲ ጄምስ የተባሉት የእንግሊዝ አገር የባህል መርማሪ ስለዚሁ ሥርዓት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ጽፈዋል። በደኅናው ጊዜ ሥርዓቱ ሁለት ወገኖችን ያስተሳስራል፤ ከብት የሌለው ድኻ እንኳ እኅት ካለችው ሚስት አያጣም። ነገር ግን አንዲቱ ሴት ባልዋን ትታ የሄደች እንደ ሆነ፥ ወይም ጐልማሳው ምትክ ሳይሰጥ ልጃገረድ ይዞ የኰበለለ እንደ ሆነ፥ ዕዳው በሁለተኛው ቤት ላይ ይወድቃል። ከባልዋ ጋራ በሰላም የምትኖረው ሁለተኛዪቱ ሴት፥ ልጆች ወልዳ ሳለች፥ ወደ ወገኖችሽ ተመለሺ ልትባል ትችላለች። በዳዩ አንድ ሰው ሲሆን ዕዳው የጎሣው ሁሉ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ያልሰማ የአጎት ልጅ በእርሻው ላይ ሳለ ደም ሊከፍል ይችላል።

እንግዲህ ይህን ጠብ ያመጣው ደም ነው ወይስ ሥርዓት? በአሶሳ ዙሪያ ያለው የበርታ ሕዝብ የዚያው ቆላ ሰው ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ ጋብቻው በእስልምና ሥርዓት ይፈጸማል፤ ጠቡም ሌላ መልክ አለው። ደግሞስ እኛ ደገኞች ደም መመለስን ከማን ተማርነው? በጎጃምና በጎንደር የአባቱን ደም ያልመለሰ ልጅ በመንደሩ ፊት እንዴት እንደሚታይ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።

አልበርት ባንዱራ የተባሉት ሊቅ በ1961 ዓ.ም. (በፈረንጆች) በአሜሪካ በስታንፎርድ 72 ሕፃናትን ፈትነው ነበር። አንድ ትልቅ ሰው በነፋስ የተነፋውን አሻንጉሊት በመዶሻ ሲደበድብና ሲሳደብ ያዩት ሕፃናት፥ ያ ሰው በሌለበት ያንኑ ምት ደገሙት፤ ስድቡን ሳይቀር ቃል በቃል አወረዱት። ትልቁ ሰው በጸጥታ ሲጫወት ያዩት ግን እንደዚያ አላደረጉም። በ1986 ዓ.ም. (በፈረንጆች) በእስፓንያ በሴቪል የተሰበሰቡ ሊቃውንትም ጦርነት ከተፈጥሮ የተወረሰ ነው ማለት ከሳይንስ የራቀ መሆኑን በጽሑፍ ገለጡ።

ፍርሃትም እንዲሁ ከአሳዳጊ ይማሩታል። ለጉሙዝና ለበርታ አባቶች ከውጭ የሚመጣ የታጠቀ ሰው ለብዙ ዘመን ባሪያ ፈንጋይ ነበረ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም፥ የእናት ተረት በዐዋጅ አይሻርም።

ይሁን እንጂ ያው አገር የዕርቅንም ጥበብ አበጅቷል። ጉሙዝና ኦሮሞ «ሚቹ» በሚባል የወዳጅነት ኪዳን ይተሳሰራሉ፤ ከአገውና ከአማራም ጋራ «ወዳጅ» የሚባል አለ። በጎሣዎች መካከል ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች «መንገማ» በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ለሁሉ ይበቃል ግን አንልም፤ በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ ነገሩ ከጎሣ ቂም አልፎ የመሬትና የሥልጣን ክርክር ገብቶበት ነበርና፥ የሽማግሌ ቃል ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም አዝዟል። ለእኅት ምትክ የምትሰጠዋ ልጃገረድ ግን ብዙ ጊዜ አሳብዋን የሚጠይቃት የለም፤ ሽማግሌዎች ሲማከሩ እርስዋ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ትሆናለች።