ለላፕቶፕ አምፕሊፋየር ስለ መምረጥ

ላፕቶፕ በውስጡ የያዛቸው ሁለት ጥቃቅን ስፒከሮች ለንግግር እንጂ ለዜማ የሚበቁ ስላልሆኑ፣ ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው ከአሮጌ ቴፕ የተረፉትን ደኅና ስፒከሮች ከላፕቶፑ ጋር ለማገናኘት መመኘቱ አይቀርም። ነገር ግን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ የሚወጣው ኃይል ከጥቂት የዋት መቶኛዎች የማያልፍ በመሆኑ፣ በመካከላቸው አምፕሊፋየር መግባቱ ግድ ነው።

ወደ ገበያ የወጣው ገዢ አስቀድሞ የሚያየው በካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመውን የዋት ቁጥር ነው፤ ይሁን እንጂ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ተብሎ የሚጻፈው ስፍር ጽኑ ሕግ የሌለውና ሻጩ እንደ ወደደ የሚያሳብጠው ውዳሴ ከንቱ ስለ ሆነ፣ ሊጠየቅ የሚገባው ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ስንት እንደ ሆነና በስንት ኦም እንደ ተለካ ነው። ሻጩ ቢያመነታ አዳፕተሩን ገልብጦ ማንበብ ይበቃል፤ 12 ቮልትና 3 አምፔር የሚል ከሆነ ሁለቱ ሲባዙ 36 ዋት ብቻ ይሆናሉና፣ 200 ዋት ሳላቋርጥ አወጣለሁ የሚለው አምፕሊፋየር በገዛ አዳፕተሩ ምስክርነት ሐሰተኛ ነው።

ደግሞስ ብዙ ዋት ምን ያደርጋል? ከ10 ዋት ወደ 20 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ይህንኑ ትርፍ በ1 ዋት 86 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 89 በሚሰጥ በመለወጥ ያለ አንዳች ተጨማሪ ኃይል ማግኘት ይቻላል። ሠርግ ቤት የሚያናውጥ ሞንታርቦ ካላማረን በቀር፣ ለአንድ ሳሎን በየስፒከሩ 20 ዋት እውነተኛ ኃይል የሚሰጥ፣ ክላስ ዲ የሚባለው ብዙ የማይግል ትንሽ ዕቃ ይበቃል፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ያለው ሰው ግን አምፕሊፋየሩ 4 ኦም የሚችል መሆኑን ከጀርባው ጽሕፈት ሳያረጋግጥ አይግዛ።

ከአቅሙ በላይ የተገፋ አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን ስለሚቆርጥ፣ በዐቢይ ጾም በገና የሚያዳምጥ ሰው እንዚራው በአውታሩ ላይ የሚፈጥረውን ያማረ ንዝረት ከዕቃው ጩኸት ለመለየት ይቸገራል፤ የስፒከሩም ቀጭን ድምፅ አውጪ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የላፕቶፑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ትቶ፣ ልኩን በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ መወሰን ይሻላል። ዘወትር የማይለቅ እምምታ ከተሰማ ግን፣ ወደ ጠጋኝ ከመሮጥ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል ነው፤ እምምታው ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ሳይሆን በቻርጀሩ መስመር በኩል የሚመጣ ነው።