ከአደጋ ወዲያ የስፖርት መኪና ዕጣው ምን ይሁን?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፣ በኦገስት ወር መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅሸር አውራጃ፣ ዝናም ባራሰው ጎዳና ላይ መክላረን ኤፍ 1 የተባለ አንድ የስፖርት መኪና ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተላተመ። አሽከርካሪው በዓለም ሁሉ «ሚስተር ቢን» በሚለው ስም የሚታወቀው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን ነበር፤ እርሱ የትከሻው አጥንት ተጎድቶ በሕይወት ተረፈ፤ መኪናው ግን በግጭቱ ኀይል ተበጣጥሶ፣ እሳትም ነክቶት ስለ ነበረ፣ በዚያች ሰዓት ላየው ሰው ሁሉ ያለቀለት ፍርስራሽ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሳለ መድን ሰጪው ኩባንያ 910,000 ፓውንድ ያህል ከፍሎ፣ የሠራው ፋብሪካ ባለሙያዎች ራሳቸው ከአንድ ዓመት በላይ ደክመውበት፣ መኪናው እንደ ገና ወደ ጎዳና ተመለሰ። በብሪታንያ እስከዚያን ጊዜ ለአንድ መኪና ጥገና ከተከፈለው የመድን ገንዘብ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ ጋዜጦች ጽፈዋል።

አትኪንሰን ይህን መኪና በ1997 ሲገዛው የከፈለው 640,000 ፓውንድ መሆኑን የሰማ አንባቢ፣ ከመግዣው ዋጋ የሚበልጥ ንዋይ ለጥገና ማፍሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ የሚገኘው ከመኪናው ባሕርይ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው መሐንዲስ ጎርደን መሪ የነደፈው ይህ መኪና፣ ለጎዳና ከተሠሩት መኪኖች መካከል ዋና አካሉ በካርቦን ፋይበር ለመሠራት የመጀመሪያው ሲሆን፣ አሽከርካሪው በመካከል፣ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ከግራና ከቀኝ ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ይቀመጡበታል፤ የሞተሩም ማደሪያ የእሳቱን ግለት እንዲመልስ በስስ ወርቅ የተለበጠ ነው። ለሙከራና ለእሽቅድምድም የተሠሩት ጭምር ተቆጥረው በጠቅላላው ከ106 አይበልጡም። እንዲህ ያለ ዕቃ እያረጀ በሄደ መጠን ዋጋው እየናረ ስለሚሄድ፣ አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው የሚያወጣው በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር፤ ተጠግኖም በ2015 ሲሸጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አውጥቷል። መድን ሰጪው የከፈለው እንግዲህ ሒሳቡን ዐውቆ ነው።

ለብዙው የስፖርት መኪና ባለቤት ግን ስሌቱ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል። ከፋብሪካ ከወጣ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሁለት ወንበር ያለው መኪና ዋጋው በየዓመቱ ሲቀንስ፣ የመለዋወጫው ዋጋ አይቀንስም፤ የፊት መብራቱ፣ የፈነዳው ኤርባግ፣ አንድ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ ሁለተኛ የማያገለግለው የደኅንነት ቀበቶ፣ እነዚህ ብቻ ተደምረው የመኪናውን ዋጋ እኩሌታ ሊበሉ ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ በዓይን ሲታይ ቀላል የሚመስል ግጭት መኪናውን «ሙሉ ውድመት» ከሚባለው ማዕርግ ያደርሰዋል። በአሜሪካ ይህን ወሰን የሚደነግገው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ሲሆን፣ በኒውዮርክ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ 75 በመቶ ሲደርስ፣ በቴክሳስ ደግሞ መቶ በመቶውን ሲያህል መኪናው እንደ ወደመ ይቈጠራል፤ የባለቤትነት ደብተሩም ይህን የሚመሰክር ምልክት ይደረግበታል። ባለቤቱ ከፈለገ ፍርስራሹን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል፤ መድን ሰጪውም ፍርስራሹ በጨረታ ያወጣ የነበረውን ግምት ከካሣው ላይ ይቀንስበታል። በእኛም አገር የመድን ድርጅቶች በአደጋ የተጎዱ ተሽከርካሪዎችን በጋዜጣ አስነግረው በጨረታ ሲሸጡ ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የጀርመን ፍርድ ቤቶች ያጸኑት ሥርዐት ልቤን ደስ ያሰኘዋል። ሌላ ሰው በጥፋቱ መኪናውን የሰበረበት ጀርመናዊ፣ የጥገናው ወጪ ተመሳሳይ መኪና ከሚገዛበት ዋጋ እስከ 130 በመቶ ቢደርስ እንኳ፣ በሚገባ አስጠግኖ ራሱ ሊገለገልበት፣ እንደ ልማዱም ቢያንስ ስድስት ወር ሊይዘው እስከ ፈቀደ ድረስ፣ ወጪውን ከአጥፊው መድን ሊጠይቅ ይችላል። ዳኞቹ ይህን ያደረጉት፣ ሰው ለዓመታት የያዘውንና ጠባዩን የለመደውን መኪና መውደዱ የሕግ ጥበቃ የሚገባው ጥቅም ነው ብለው ነው። ገንዘብን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን እንደ ድካም ሊቈጥረው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን ሕግ የሰውን ፍቅር በመቶኛ ለክቶ ቦታ ሲሰጠው ማየት እጅግ ያስደንቀኛል።

ፍቅርም ገንዘብም ከመናገራቸው በፊት ግን መመርመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የመኪናው ዋና አካል፣ በጋራዥ ቋንቋ ሻንሲ የሚባለው፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ላሜራ ይቀየራል፣ ቀለም ይቀባል፣ መስተዋት ይተካል፤ ሻንሲው የተጣመመ እንደ ሆነ ግን እግሮቹ የሚታሰሩበት ነጥብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚዛነፍ፣ በከተማ ውስጥ ቀና ብሎ የሚሄደው መኪና በፍጥነት ጎዳና ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የስፖርት መኪና ደግሞ የተፈጠረው ለፍጥነት ነውና፣ በሌላ መኪና ላይ ይቅር የሚባለው ዝንፈት በእርሱ ላይ ይቅር አይባልም።

የዱሮው የብረት ሻንሲ በመለኪያ አልጋ ላይ ታስሮ፣ በሰንሰለት ተስቦ፣ ወደ ልኩ ሊመለስ ይችላል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ አይታዘዝም። ከ1996 ጀምሮ የተሠራውን ሎተስ ኤሊዝ ብንመለከት፣ ሻንሲው በሙሉ 68 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን፣ ከአሉሚኒየም ዘንጎች ተቆራርጦ በጠንካራ ሙጫ የተጣበቀ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ሙጫውንም አሉሚኒየሙንም ስለሚያደክማቸው፣ በጽኑ የተጎዳ እንደ ሆነ እንዳለ አውጥቶ በአዲስ መተካት እንጂ ማቃናት አያዋጣም። አሉሚኒየም የሚጠግን ጥሩ ጋራዥ ከሌላው ሥራ የተለየ ክፍልና የተለየ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ የብረት ብናኝ አሉሚኒየም ላይ ካረፈና እርጥበት ካገኘ፣ ሁለቱ ማዕድናት እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ፣ ከቀለሙ ሥር በስውር ዝገት ይጀምራልና። ባለቤቱ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት በሩን አልፎ ገብቶ ይህን በዓይኑ ቢያይ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ካርቦን ፋይበር ነው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ጉብጠቱም ጉዳቱን ይመሰክርበታል፤ ካርቦን ፋይበር ግን የተደራረቡት ንብርብሮች ውስጥ ለውስጥ ተላቀው ሳለ፣ ላዩ እንደ መስተዋት ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን እንደምታዳምጥ፣ አካሉን በትንሽ መዶሻ እየነካካ የሞተውን ድምፅ ከሕያው ይለያል፤ ከዚያም በጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድ ሰድዶ ውስጡን በመሣሪያ ይመረምራል። ይህ ምርመራ ሳይደረግ «ምንም አልሆነም» የሚል ጠጋኝ ቢገኝ ቃሉን መቀበል አይገባም። መኪናው ተፈታትቶ ሳይታይ የሚቀርበውም የመጀመሪያ ግምት ከመፈታቱ በኋላ ከሚገኘው ወጪ ሲያንስ በብዙ ቦታ ታይቷል፤ ስለዚህ የጥገናው ውሳኔ እስኪፈታ ድረስ ቢቈይ ይሻላል።

በብሪታንያ የመድን ሰጪዎች መሐንዲሶች ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ የወደመውን መኪና በአራት መደብ ይለዩታል። በ«ኤ» የተመደበው መለዋወጫው እንኳ ሳይወሰድ ተጨፍልቆ እንዲጠፋ ይፈረድበታል፤ በ«ቢ» የተመደበው ደግሞ ዋና አካሉ ተጨፍልቆ፣ ደኅና የሆኑት ክፍሎቹ ለሌሎች መኪኖች ይሆናሉ። «ኤስ» ሻንሲው ተጎድቶ ሊጠገን የሚችለውን፣ «ኤን» ደግሞ ሻንሲው ያልተነካውን ያመለክታሉ። ብዙ ባለቤቶች «ቢ»ን እንደ ሞት ፍርድ ይፈሩታል፤ እኔ ግን አካሉ ለደከመ መኪና ይህ የተከበረ ፍጻሜ ይመስለኛል። ፋብሪካው መሥራቱን ያቆመው የማርሽ ሳጥን ወይም ሞተር፣ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ውስጥ ለብዙ ዘመን ይሠራልና፤ አለዚያ በአንድ ጥርስ መጥፋት የሚቆሙ ደኅና መኪኖች ሞልተዋል።

ሻንሲው ቢተካ፣ ሞተሩ ቢለወጥ፣ አካሉ አዲስ ቢሠራለት፣ የተነሣው መኪና ያው የወደቀው ነውን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1990 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ብይን አግኝቷል። ነገሩ የተነሣው «ኦልድ ነምበር ዋን» ስለሚባለው የቤንትሊ መኪና ነበር። ይህ መኪና በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ አገር የሌማን የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድምድም አከታትሎ አሸነፈ፤ በኋላም ለብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ ተለውጦ፣ ትልቅ ሞተር ገብቶለት ሲሮጥ፣ በ1932 በ500 ማይል ውድድር ላይ ከሜዳው ተዳፋት ጠርዝ ወጥቶ ወደቀ፤ ክላይቭ ደንፊ የተባለው አሽከርካሪም ሕይወቱን አጣ። ከዚያ ወዲያ መኪናው እንደ ገና ተሠርቶ ለጎዳና ዋለ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው ተዋውሎ ሳለ፣ በሌማን ያሸነፈው መኪና ክፍሎች ከሞላ ጎደል ስለሌሉበት እውነተኛው አይደለም ብሎ ውሉን ለማፍረስ ፈለገ፤ ባለቤቱም ከሰሰው።

ዳኛው ኦተን የሰጡት ፍርድ፣ በእኔ አስተያየት፣ መኪናውን ለማስጠገን ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ጥበብ አለበት። ከ1929 የተረፈው ክፍል እጅግ ጥቂት መሆኑን ዳኛው አልካዱም፤ በዚህም ምክንያት እንደ ተሠራ የቈየ ነው ለማለት አልፈቀዱም። ነገር ግን መኪናው በአንድ ቀን ጠፍቶ በሌላ ቀን በስሙ ሌላ አልተሠራም፤ ሲለወጥም ሲሰበርም ሲጠገንም ህላዌው ሳይቋረጥ፣ ታሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ያንንም ስም የእኔ ነው የሚል ሌላ መኪና የለም። ስለዚህ እውነተኛው ኦልድ ነምበር ዋን ይህ ነው ብለው ለባለቤቱ ፈረዱ። ከዚህ ፍርድ የምረዳው፣ የመኪና ማንነት ከብረቱ ይልቅ ባልተቋረጠው ታሪኩና በታሪኩ ምስክር ላይ እንደሚጸና ነው፤ ምስክሩን ያጠፋ ሰው ደግሞ ብረቱን ሁሉ ቢያድን እንኳ መኪናውን አላዳነም።

የዚህን ምስክርነት ዋጋ ገበያው ራሱ ያውቀዋል። በ1954 የተሠራና በዚያው ዓመት በጣሊያን በሚሌ ሚሊያ ውድድር የተሰለፈ አንድ ፌራሪ 500 ሞንዲያል፣ በኋላ በአሜሪካ ተጋጭቶና ተቃጥሎ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳይጠገን ተቀምጦ ነበር። በኦገስት 2023 በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ጨረታ ሲቀርብ የተጨማደደ፣ የዛገ፣ ጎማ የሌለው ቅርፊት ነበር፤ የተሸጠውም በ1,875,000 ዶላር ነው። ገዢው የከፈለው ለሻንሲው ቁጥርና ከዚያ ቁጥር ጋር ለተያያዘው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ፍርስራሽ የያዘ ሰው ቸኩሎ ሊያቃናው፣ የተቃጠለውንም ላሜራ ጥሎ በአዲስ ሊለውጠው አይገባም፤ የተጎዳው ላሜራ ራሱ ማስረጃ ነውና።

በዚህ ምክንያት ነው የአደጋን ታሪክ የሚሰውሩ ነጋዴዎች ሥራ የሚያስቈጣኝ። የሁለት መኪኖችን ደኅና ግማሽ በብየዳ አጋጥመው እንደ አንድ የሚሸጡ አሉ፤ የወደመውን መኪና ቁጥር በተሰረቀ መኪና ላይ የሚለጥፉም አሉ። በአሜሪካ ጨረታ የተሸጡ የአደጋ መኪኖች በብዛት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ይልቁንም ወደ ሻርጃ፣ ተጭነው ሄደው በዚያ ይጠገናሉ፤ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ሲሻገሩ በደብተሩ ላይ የነበረው ምልክት አብሯቸው ላይሻገር ይችላል። ከዚያ ገበያ መኪና የሚያስመጣ ወገናችን የሻንሲውን 17 ፊደልና ቁጥር ከመክፈሉ በፊት ተቀብሎ ቢያስመረምር፣ በአሜሪካ የተመዘገበ አደጋ ቢኖር ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜም በጨረታው ዕለት የተነሣውን ፎቶግራፍ ጭምር።

መኪናውን ለማስጠገን የወሰነ ባለቤት እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ጠጋኙ የመጀመሪያውን ብሎን ከመፍታቱ በፊት ነው። የተጎዳውን አካል ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ሻንሲው በመለኪያ አልጋ ላይ ሳለ ከጥገናው በፊትና በኋላ የወጣውን የልኬት ወረቀት፣ የተገዛውን መለዋወጫ ደረሰኝ፣ የኤርባጉንና የቀበቶውን መተካት የሚያረጋግጠውን ሰነድ አንድ ላይ ያኑር። ነገ የሚገዛው ሰው ሲመጣም፣ ስለ ዋጋ መነጋገር ከመጀመራቸው በፊት፣ ይህን ሁሉ በእጁ ይስጠው።