ድረ ገጾች አብረው እንዳይወድቁ

ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚያድርበትን የሰርቨር ቦታ፣ የሚሸጡ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ የማይጠፋ አንድ ቁጥር አለ፤ 99.9 በመቶ። አገልግሎቱ ከ1,000 ሰዓት 999ኙን ሳይቋረጥ ይሠራል ማለት ነው። ሲያዩት እንከን የለሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መጥፋትን ይፈቅዳል። አንድ ዘጠኝ ተጨምሮበት 99.99 ሲሆን የሚፈቀደው ወደ 52 ደቂቃ ይወርዳል፤ 99 ብቻ ሲሆን ደግሞ ከሦስት ቀን ተኩል ያልፋል። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ ዘጠኞቹን ቆጥረው፣ የቦታውን ስፋትና የወር ክፍያውን አወዳድረው ይመርጣሉ። አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ላለው ሰው ይህ ይበቃ ይሆናል። የየፋኩልቲውን ገጽ ለሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ፣ በየቋንቋው ለሚያትም የዜና ተቋም፣ ወይም የሃያ ደንበኞችን ሳይት በአንድ እጁ ለያዘ ባለሙያ ግን ከዋጋም ከፍጥነትም የሚቀድም ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፦ አንዱ ሲወድቅ አብሮት የሚወድቀው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከቀላል የዕድል ስሌት ይነሣል። ከ100 ቀን አንዱን የሚጠፋ ሰርቨር አለ እንበል። ልክ እንደሱ ያለ ሁለተኛ ሰርቨር ብንጨምርና አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካው ብናደርግ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጠፉበት ዕድል አንድ መቶኛ በአንድ መቶኛ ተባዝቶ አንድ አሥር ሺህኛ ይሆናል። በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ የነበረው መቋረጥ 52 ደቂቃ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ተራ ሰርቨሮች አንድ ውድ ሰርቨር ብቻውን የማይሰጠውን አስተማማኝነት ሰጡ፤ የዘመናችን ትልልቅ ድረ ገጾች የቆሙትም በዚህ ማባዛት ላይ ነው። ነገር ግን ማባዛቱ የሚሠራው የአንዱ ብልሽት ከሌላው ብልሽት ጋር ምንም ካላገናኘው ብቻ ነው። ሁለቱም መብራት የሚያገኙት ከአንድ መስመር ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ሁለተኛው ሰርቨር የተገዛበት ገንዘብም ለዚያ ቀን ምንም አልፈየደም። የሚጋሩት ነገር ደግሞ መብራት ብቻ አይደለም። ሕንፃው፣ የኔትወርክ ገመዱ፣ የዶሜይን ስሙን የሚያስተናግደው ዲኤንኤስ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል፣ የሚከፈልበት ካርድ፣ ሁሉም የሚጠቀሙበት አንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ እነዚህ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ የማይታዩ፣ ስሌቱን ግን የሚያፈርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለ የሆስቲንግ ኩባንያ ንብረት የሆነ ባለ አምስት ፎቅ ዳታ ሴንተር፣ የሰርቨሮች ማኖሪያ ሕንፃ፣ ተቃጠለ። ሰው አልሞተም፤ ሕንፃው ግን ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ከጎኑ የነበረው ሌላ ዳታ ሴንተርም በከፊል ተቃጠለ። እዚያው ግቢ ውስጥ እሳት ያልነካቸው ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ የግቢው መብራት በመቋረጡ እነሱም ለቀናት ጠፉ። አራት ዳታ ሴንተር ተብለው ይቆጠሩ የነበሩት፣ በዚያች ሌሊት ሲታዩ፣ በአንድ አጥር የታጠረ አንድ አደጋ ነበሩ። የኢንተርኔት አገልግሎቶችን የሚከታተለው ኔትክራፍት የተቋረጡትን ድረ ገጾች 3.6 ሚሊዮን ብሎ ገምቷቸዋል። ቅጂያቸውን ሌላ ከተማ ያስቀመጡ ደንበኞች ቶሎ ተመለሱ። ባካፕ አለን ብለው የተዘናጉት፣ ቅጂያቸው ግን እዚያው ግቢ የነበረው፣ ዋናውንም መጠባበቂያውንም ባንድ ላይ አጡ። ገበሬ የዘር እህሉን ከሚበላው ለይቶ የሚያኖረው በጎተራው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ዘሩንም እንዳይነካበት ነው፤ እነዚህ ደንበኞች ለዘር መያዛቸውን እንጂ ዘሩ የት እንደተቀመጠ አልጠየቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የሊል የንግድ ፍርድ ቤት ኦቪኤች ለአንድ ደንበኛው ከ100,000 ዩሮ በላይ እንዲከፍል ሲወስን ክርክሩ የተሽከረከረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ መጠባበቂያው ከዋናው ሰርቨር ጋር በአንድ ሕንፃ ተቀምጦ ነበር።

ብዙ ድረ ገጽ ያለው ሰው ግን እሳት እስኪነሣ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ አብሮ መውደቅ ከዚያ በጣም ባነሰ ምክንያት በየቀኑ ይደርሳል። ርካሹ የሆስቲንግ ዓይነት፣ ሼርድ የሚባለው፣ ብዙ ደንበኞችን በአንድ ማሽን ላይ ያሳድራል። አንድ ደንበኛ ደግሞ አንድ አካውንት ገዝቶ አሥር ዶሜይኖችን በውስጡ እንዲደረድር ይፈቀድለታል። ዋጋው ደስ ይላል። ችግሩ አሥሩም ሳይቶች በአንድ የተጠቃሚ ስም ሥር መሥራታቸው ነው። ከአሥሩ በአንደኛው፣ ምናልባትም ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ጉባኤ ተሠርቶ በተረሳው ገጽ ላይ፣ ዎርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ያልታደሰ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ካለ፣ በዚያ ቀዳዳ የገባ ሰው የዘጠኙንም ፋይሎች መለወጥ ይችላል። ባለቤቱ የተበከለውን አንዱን ያጸዳል፤ በማግሥቱ ከሌላኛው ተመልሶ ይበከላል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ለየሳይቱ የራሱ ተጠቃሚ፣ የራሱ ዳታቤዝና የዳታቤዝ ይለፍ ቃል መስጠት ነው። ቪፒኤስ የሚባለው፣ አንድን ማሽን በሶፍትዌር ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ማኅደረ ትውስታና ስርዓተ ክወና የሚሰጠው አገልግሎት፣ ይህን ለማድረግ ይመቻል። የተረሱትን ገጾች ደግሞ ወደ ቋሚ የኤችቲኤምኤል ፋይል ለውጦ ፕሮግራሙን ማንሣት፣ በእኔ አመለካከት፣ ከሁሉም የሚሻል ጥበቃ ነው። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በሌለበት በፕለጊን በኩል የሚገባ የለም።

ይህን ሁሉ በትልቁ የሚያሳይ፣ አሠራሩንም ለሕዝብ ክፍት አድርጎ የሚጽፍ አንድ ተቋም አለ፤ ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን። ከ300 በላይ ቋንቋዎች የሚታተመው ዊኪፒዲያ፣ አማርኛው ጭምር፣ በስም አንድ ይሁን እንጂ በአሠራር በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ስብስብ ነው። ዋና ዳታ ሴንተሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቨርጂኒያ ግዛት አሽበርን፣ ሌላው በቴክሳስ ካሮልተን፤ አንድ እሳት ወይም አንድ አውሎ ነፋስ ሁለቱን አያገኛቸውም። ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ዳታቤዞቹ የተከፋፈሉበት መንገድ ነው። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ብቻውን የራሱ የዳታቤዝ ክፍል አለው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ዊኪዎች ደግሞ ተሰብስበው አንድ ክፍል ይጋራሉ። መለያየት ሁልጊዜ ጥሩ፣ መጋራትም ሁልጊዜ መጥፎ ነው የሚል አቋም የላቸውም ማለት ነው። ትልቁ ትንንሾቹን እንዳይጫናቸው ለይተውታል፤ ትንንሾቹ እርስ በርስ ስለማይጎዳዱ አብረው እንዲኖሩ ትተዋቸዋል። ሶፍትዌሩ ግን የሁሉም አንድ ስለሆነ፣ አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ሁሉንም ባንዴ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ቅጂ በሳምንቱ ውስጥ በደረጃ ይለቁታል፤ በመጀመሪያው ቀን ለሙከራ ዊኪዎች፣ ቀጥሎ ለሌሎቹ ፕሮጀክቶች፣ በመጨረሻም ለዊኪፒዲያዎቹ። ሃያ ሳይት ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ከማደስ ይልቅ በአንዱ፣ ጉዳቱ በሚያንሰው፣ ቢጀምር ይህንኑ ጥበብ ያለ ምንም ወጪ ያገኘዋል።

ብዛት ያለው አንባቢ ራሱ አብሮ የመውደቅ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009 ማይክል ጃክሰን ሲሞት ዊኪፒዲያ ተንገዳገደ። በተለምዶ ታዋቂ ገጽ ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚቀመጥ ሚሊዮን ሰው ቢያነበው ችግር የለም። በዚያ ቀን ግን ገጹ በየጊዜው ይታረም ነበር፤ እያንዳንዱ እርማት የተዘጋጀውን ቅጂ ይሰርዛል፤ የተሰረዘውን ለማዘጋጀት ደግሞ ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ያንኑ ሥራ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ መሐንዲሶቹ አንዱ ብቻ እንዲያዘጋጅ፣ የቀሩት እንዲጠብቁ ወይም የቆየውን ቅጂ እንዲያሳዩ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠሩ። የሰርቨር ቁጥር መጨመር ሁልጊዜ መልስ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ዊኪሚዲያ የሚችለውን አንድ ኮሌጅ ወይም አንድ ጋዜጣ አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ ሁለት ዳታ ሴንተር የሚችል ጥቂት ነው። ነገር ግን መለየት ማለት እጥፍ መክፈል ማለት አይደለም። የዳታቤዙንና የፋይሎቹን ቅጂ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ከተማ ማሻገር ከሰርቨሩ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ማውጣት ነው። የተማሪዎች ምዝገባ ለአንድ ቀን ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳትና የአንድ ክበብ ገጽ ለሳምንት ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት አይተካከሉም፤ ገንዘቡ ለመጀመሪያው ይውላል፤ ሁለተኛው ቅጂው ብቻ ከተያዘ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከትልቅ ክላውድ፣ ማለትም ሰርቨሮችን በኢንተርኔት ከሚያከራይ ኩባንያ፣ ከገዛሁ ይህን ሁሉ እነሱ ያስቡልኛል የሚል ነው። ከፊሉ ትክክል ነው፤ የተበላሸ ዲስክ ስለመቀየር አንዱም ደንበኛ መጨነቅ የለበትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 በአማዞን የቨርጂኒያ ክላውድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማጥፋት የጻፈው ትእዛዝ ተሳስቶ ብዙዎችን አጠፋ፤ የፋይል ማከማቻ አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆመ፤ በላዩ የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾችም አብረው ቆሙ። የሚያሳስበው ክፍል ይህ ነው፦ ኩባንያው ለደንበኞች ችግሩን የሚያሳውቅበት የሁኔታ መግለጫ ገጽ በራሱ በዚያው ማከማቻ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ሊታደስ አልቻለም። አብሮ የሚወድቀው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ የዓለማችን ትልቁ ክላውድ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ሳይጠይቀው አልፎ ነበር። በውሉ ላይ የሚሰጠው የካሳ ተስፋም ቢሆን በአብዛኛው ከሚቀጥለው ሂሳብ የሚቀነስ ገንዘብ እንጂ የጠፋውን ሥራ የሚመልስ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ መለያየትና መተካካት ራሱ ውስብስብ ስለሆነ አዲስ ብልሽት ይወልዳል የሚለው። ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 2010 የዊኪሚዲያ የአውሮፓ ሰርቨሮች በሙቀት ምክንያት ሲጠፉ ትራፊኩ ወደ ፍሎሪዳ እንዲዞር ተደረገ፤ የማዞሪያው ዘዴ ራሱ ተበላሽቶ ስለነበር ችግሩ ከአውሮፓ አልፎ በመላው ዓለም ዊኪፒዲያን ሰወረው። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 31 ቀን 2017 ደግሞ የፕሮግራመሮች አገልግሎት የሆነው ጊትላብ አንድ መሐንዲሱ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲሰርዝ፣ ተማምኖባቸው የነበሩት የባካፕ ዘዴዎች አንድ በአንድ እንደማይሠሩ ታወቀ፤ ስለ አለመሥራታቸው የሚላኩት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎችም ሳይደርሱ ቀርተው ነበር። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጅ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው። ተቃውሞው ግን የሚያረጋግጠው ያልተሞከረ መተኪያ መተኪያ አለመሆኑን ነው፤ መተኪያ አያስፈልግም የሚለውን አያረጋግጥም። ዊኪሚዲያ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ምንም ብልሽት ሳይኖር፣ ሥራውን ሆን ብሎ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያዛውራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ሲደረግ ጽሑፍ ማረም የታገደው ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ትንሽ ተቋም በየሦስት ወሩ የአንዱን ሳይት ቅጂ ባዶ ሰርቨር ላይ መልሶ ቢያቆም ተመሳሳይ ዕውቀት ያገኛል፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደጎደለ፣ ማን እንደሚያውቀው።

በእኛ ሁኔታ ጥያቄው ተጨማሪ ገጽታ አለው፤ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች አንባቢያቸው በአዲስ አበባና በዋሽንግተን፣ በሪያድና በቴል አቪቭ የተበተነ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቨርጂኒያ ከ11,000 በላይ ስለሆነ፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ ለመምጣት ከ50 እና ከ110 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ እውነተኛው ጊዜ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ አለ። ለንባብ የሚሆነውን ገጽ በየአህጉሩ በካሽ ማስቀመጥ ይህን ያቀልለዋል፤ ዊኪሚዲያም በአምስተርዳም፣ በማርሴይ፣ በሲንጋፖርና በሳኦ ፓውሎ የሚያደርገው ይህን ነው። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት አለው፤ በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክም የግል ዳታ ሴንተሮች ተሠርተዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል ዳታ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ስለሚገዛ፣ የደንበኞችን መዝገብ የያዘ ድርጅት ቦታውን በርካሽነቱ ብቻ ሊመርጥ አይችልም። ይሁንና ሁሉን አገር ውስጥ ወይም ሁሉን ውጭ ማድረግ አንድ አጥር ውስጥ መግባት ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ፣ ውጭ ያለ ሰርቨር አገር ውስጥ ያሉትን አንባቢዎቹን አጥቶ የውጭዎቹን ይዞ ቆይቷል። ለሕዝብ የሚታየውን ገጽ በሁለቱም በኩል፣ ሕጉ የሚጠብቀውን መረጃ ሕጉ በሚፈቅደው ቦታ ማኖር ይቻላል።

የመጨረሻው የጋራ ነገር ከሰርቨር ጋር አይያያዝም፤ የዶሜይን ስሙ ነው። ሆስቲንጉንም ዶሜይኑንም ከአንድ ኩባንያ፣ በአንድ አካውንት፣ በአንድ ሠራተኛ የዶላር ካርድ የገዛ ተቋም፣ የካርዱ ጊዜ ሲያልቅ ወይም ሠራተኛው ሲለቅ ሁሉንም ባንዴ ሊያጣ ይችላል። ጉዳቱም እኩል አይደለም፤ ቅጂ ካለ ሰርቨር በአንድ ቀን ይተካል፤ አንባቢ ለዓመታት የለመደውን ስም ሌላ ሰው ከወሰደው ግን የሚተካ የለም። ምዝገባው የተያዘበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን የሚሠራ ከሆነ፣ ዶሜይኑ ሲዘጋ የማሳደሻ ማስጠንቀቂያውም የይለፍ ቃል መቀየሪያውም የሚላኩት ወደማይከፈት ሳጥን ነው። ስለዚህ ስሙ በተቋሙ ስም፣ ከሆስቲንጉ በተለየ አካውንት፣ ከዶሜይኑ ውጭ ባለና ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች በሚከፍቱት ኢሜይል ይመዝገብ፤ ክፍያውም መዝጋቢው እስከፈቀደው ዓመት ድረስ አስቀድሞ ይፈጸም።