ፈንዲሻ መሰል ኮርኒስን ከመፋቅ በፊት ማስመርመር እንደሚገባ

የቤት ንጽሕና ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ወለልና ስለ ግድግዳ ነው። ነገር ግን ከራሳችን በላይ ያለው ኮርኒስም ያለ ዕውቀት ቢነኩት የጤና ጠንቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በቀድሞ ቤቶች ውስጥ ስለሚገኘው፥ ፈንዲሻ የተለጠፈበት ስለሚመስለው ሸካራ ኮርኒስ ጥቂት ለመግለጽ አሰብን። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን በአሮጌ ቤቶች ስለሚኖሩ፥ ቤት በማደስ ሥራ የሚተዳደሩም ስላሉ፥ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ይህ ኮርኒስ የሚሠራው ለስላሳ ልስን በመሣሪያ ወደ ላይ በመርጨት ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ የአሠራርን ጉድለት ይሸፍናል፤ ድምፅንም ያለዝባል። ነገር ግን በቀድሞው ልስን ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይጨመር ነበር። አስቤስቶስ እሳት የማይበላው፥ እንደ ቃጫ ወደ ቀጫጭን ክሮች የሚተረተር ማዕድን ነው። የአሜሪካ መንግሥት አስቤስቶስ ያለበትን ልስን ለጌጥ መርጨት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ከለከለ። ሆኖም ቀድሞ የተመረተው ክምችት በሥራ ላይ ስለ ዋለ፥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ቤቶችም ሊገኝ ይችላል።

ኮርኒሱ ሳይላጥና ሳይሰነጠቅ ጸንቶ ከቆየ እምብዛም አያሰጋም። ጠንቁ የሚነሣው ሲፋቅ፥ ሲበሳ ወይም ውኃ አርሶት ሲረግፍ ነው። ያን ጊዜ በዓይን የማይታዩ ክሮች ከአቧራው ጋር ተነሥተው በአየር ላይ ለረጅም ሰዓት ይንሳፈፋሉ፤ በትንፋሽም ወደ ሳንባ ይገባሉ። ሰውነት ሊያሟሟቸው ስለማይችል በሳንባ ውስጥ ጠባሳ ያበጃሉ፤ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰርንም ያመጣሉ። ሕመሙ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፥ ሠራተኛው በዕለቱ ምንም ስላልተሰማው ደኅና ነኝ ብሎ ይታለላል። ትንባሆ ለሚያጨስ ሰው ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል።

ስለዚህ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ/ አስቤስቶስ መኖሩ በዓይን አይለይም። ስለሆነም ከመፋቅ በፊት በባለሙያ ናሙና አስወስዶ በላቦራቶሪ ማስመርመር ያስፈልጋል።

2ኛ/ አስቤስቶስ ከተገኘበት ሥራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይሰጥ። ባለሙያው እንደ ሁኔታው ያነሣዋል፤ ወይም ሳይፋቅ በአዲስ ሰሌዳ ይሸፍነዋል።

3ኛ/ የረገፈ ልስን ቢገኝ በደረቁ አይጠረግ፤ በተራ አቧራ መምጠጫም አይነሣ። ልጆችን ከክፍሉ አርቆ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ተከራይ የሆነ ሰው ለቤቱ ባለቤት ያስታውቅ።

4ኛ/ በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅና ተራ ጭንብል እነዚህን ክሮች አያግዱም። አቧራ የነካው የሥራ ልብስም ጠንቁን ወደ ልጆች ስለሚያደርስ ወደ ቤት አይግባ።

አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም መምህራን፥ በዚያ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው ይህን ምክር ቢያደርሱ ትልቅ ውለታ ነው። መልኩ ያስጠላ ኮርኒስ በማናቸውም ጊዜ ሊታደስ ይችላል፤ የተጎዳ ሳንባ ግን አይታደስም።